የገና ሰሞን ደጋፊዎች

አምቦ ውስጥ ስንት የራግቢ ደጋፊ አለ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ብዙ ሳላስብ እመልስላችኋለሁ፤ አንድ። ጎማ ጠጋኝ ነው። ደቡብ አፍሪካ አራት ዓመት የሰው ሱቅ ጠብቆ፣ ሁለቴ ተዘርፎ፣ በመጨረሻ “አገሬ ገብቼ ጎማ ብነፋ ይሻለኛል” ብሎ የተመለሰ ሰው ነው። ከዚያ አገር ይዞት የመጣው ዋነኛ ንብረት የራግቢ ፍቅር ነው።

ሌሎቻችን ራግቢን የምናውቀው እንደ መሰናክል ነው። የዲኤስቲቪ የስፖርት ቻናሎች መነሻቸው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ራግቢ ለዚያ አገር ሰው ለእኛ ሩጫ እንደ ማለት ነው። እናላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ይሞላል፣ ወንበር ይያዛል፣ ሻይ ይታዘዛል፤ ስክሪኑ ላይ ግን አንገት ያልተሠራላቸው ሠላሳ ሰዎች ጭቃ ላይ ተቃቅፈው ይገፋፋሉ። “ቀይር እንጂ ባክህ! አሰላለፍ እያመለጠን ነው!” ይባላል ከየአቅጣጫው። ጎማ ጠጋኙ ብቻ ከጥግ ተነሥቶ “ቆይ፣ ይቺ ስክረም ትለቅና” እያለ ይለምናል።

አንድ ቀን ሕጉን ሊያስረዳን ሞከረ። ኳሱን በእጅ ስታቀብል ወደ ኋላ ብቻ ነው፣ ወደ ፊት መወርወር ጥፋት ነው አለን። “ወደ ኋላ እየወረወሩ ወደ ፊት መሄድ?” አለ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ የመንግሥት ሠራተኛ፤ “ይሄማ የእኛ መሥሪያ ቤት ነው።” ትምህርቱ በዚያው ተቋረጠ።

በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ፓሪስ ላይ ኒውዚላንድን 12 ለ 11 አሸንፋ የዓለም ዋንጫን ለአራተኛ ጊዜ ስትወስድ ቤቱ ውስጥ የቀረነው አራት ነበርን። ሁለታችንን እንቅልፍ ይዞናል። እሱ ጠረጴዛ ላይ ወጣ። በባዶ ቤት ብቻውን የሚጮህ ደጋፊ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሚያቅፈው ሰው ፈልጎ ግራ ቀኝ አየ፣ አጣ፣ ከጠረጴዛው ወርዶ አስተናጋጇን በሁለት እጁ ጨበጣት። እሷም “እንኳን ደስ አለህ” አለችው፣ ሒሳቡን እየተቀበለች።

እኔ ከዚያ ሌሊት በኋላ ነው ስለዚህ ጨዋታ ማንበብ የጀመርኩት። ሳነብ ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ደረስኩ። ከስኮትላንድ በስተሰሜን ኦርክኒ የሚባሉ ደሴቶች አሉ፤ ከርክዎል የምትባል ከተማ አለቻቸው። እዚያ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ገና ቀንና በአዲስ ዓመታቸው ቀን ከተማው ለሁለት ይከፈላል። ላይኞችና ታችኞች። በቆዳ ተሰፍታ ቡሽ የታጨቀች ኳስ ከካቴድራሉ ፊት ለፊት ወደ ሕዝቡ ትወረወራለች፤ ከዚያ በኋላ መተናነቅ ነው። ላይኞቹ ኳሷን ከላይ ካለው ግንብ ማድረስ አለባቸው፣ ታችኞቹ ባሕር ውስጥ መክተት። ዳኛ የለም። ሰዓት የለም። ባለሱቆች በርና መስኮታቸውን አስቀድመው በእንጨት ይመቱታል። የየትኛው ወገን እንደሆንክ የሚወስነው አሰልጣኝ ሳይሆን የተወለድክበት ሰፈር ነው። እንዲህ ዓይነቱ የሰፈር ግፊያ ነው ኋላ እንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሕግ ወጥቶለት ራግቢም እግር ኳስም የሆነው፤ የራግቢ ትምህርት ቤት ልጆች ሕጋቸውን በወረቀት ያሰፈሩት እ.ኤ.አ. በ1845 ነው።

ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ከርክዎልን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ግን አውቀዋለሁ። እናቴ የተወለደችው እዚያ ነው። ስሙ ብቻ ወንጪ ይባላል።

ወንጪን ብዙዎቻችሁ በፎቶ ታውቁታላችሁ። ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ያለ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው፤ ጫፉ 3,386 ሜትር፣ ሆዱ ውስጥ ሐይቅ፣ ሐይቁ ውስጥ ደሴት፣ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ገዳም። በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ በተጀመረው የገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ስሙ ተነሣ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከመረጣቸው አንዱ ሆነ። ፎቶ የሚያነሣ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ሐይቁ ያዞራል። እኔ የማወራላችሁ ከጀርባው ስላለው ሜዳ ነው።

ገና በአማርኛ ሦስት ነገር ነው፤ በዓሉም ጨዋታውም ዱላውም። ኳሷ ሩር ትባላለች። የእናቴ አገር ሰዎች ደግሞ ጨዋታውን በኦሮምኛ ቂሌ ይሉታል። እረኞች የጌታን መወለድ ሲሰሙ ከደስታ ብዛት በያዙት ዱላ ተጫወቱ ይባላል። ወንጌሉ ላይ እረኞቹ እንጂ ጨዋታው አልተጻፈም፤ ወንጪ ሄዳችሁ ግን እንዲህ ብላችሁ እንዳትከራከሩ።

ኤሱማ (የእናቴን ወንድም እንዲህ ነው የምንጠራው) ለቂሌ መዘጋጀት የሚጀምረው ክረምት ላይ ነው። ሰው ወይራ ሲያይ ጥላ ወይም ማገዶ ያያል፤ እሱ የሚያየው ጎባጣ ቅርንጫፍ ነው። ጫፏ እንደ መንጠቆ የታጠፈች ቅርንጫፍ ካገኘ ለማንም ሳይናገር በልቡ ይመዘግባታል፤ ከክረምት በኋላ ቆርጦ በእሳት ይለበልባትና ቅቤ ቀብቶ ከምድጃው በላይ ይሰቅላታል። እስከ ታኅሣሥ ድረስ ጢስ ስትጠጣ ትከርማለች። ልጆቹ ዱላዋን ቢነኩ ይገረፋሉ፣ ሚስቱ ብትነካት ይኮራረፋሉ። ሩሯን ደግሞ ከቆዳ ጠፍር ጠቅልሎ የሚሠራት አንድ ሽማግሌ አለ፤ እሱ የታችኞች ወገን ስለሆነ በየዓመቱ “ኳሷ ወደ እነሱ ታደላለች” የሚል ክስ ይቀርብበታል። በኳስ ላይ እንዲህ ዓይነት ክርክር እንግሊዝ ብቻ ያለ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል።

ጨዋታው የሚጀምረው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጾም ተፈቶ፣ ተበልቶ፣ ጠላው ትንሽ ከሄደ በኋላ ነው። ሜዳው መስመር የለውም። የላይኞች ግብ የድንጋይ ካብ ነው፣ የታችኞች ወንዙ። በአንድ ወገን ስንት ሰው ይሰለፍ የሚል ሕግ ስለሌለ የመጣ ሁሉ ይገባል። ሩሯ እንሰት ውስጥ ከገባች ሃምሳ ሰው እንሰት ውስጥ ይገባል፤ የእንሰቱ ባለቤት የሚጮኸው ሁለተኛው ቀን ላይ ነው፣ በዕለቱ እሱም ዱላ ይዞ እዚያው ውስጥ ነውና። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም የሚባለው በቁም ነገር ነው። አንድ ዓመት ኤሱማ የገበሬ ማኅበሩን ሊቀ መንበር ቅልጥሙን ሲለው በዓይኔ አይቻለሁ። ሰውዬው በየወሩ የሚሰበስበው፣ መዋጮ የሚጠይቀው፣ ሲያስፈልገው የሚቆጣው ሰው ነው። በማግስቱ ተገናኝተው አብረው ቡና ጠጡ። (ከሳምንት በኋላ በመዋጮ ጉዳይ ተጣሉ፤ ያ ግን ሌላ ነው።)

ደጋፊውስ? ደጋፊና ተጫዋች የሚለይበት መስመር የለም። አሮጊቶች ካቡ ላይ ተቀምጠው የተሸናፊውን ወገን በግጥም ይወርዱበታል፤ ያጠፋው ጥፋት፣ የተበደረው እህል፣ ጥላው የሄደች ሚስቱ ሁሉ ይነሣል። በዓመቱ ውስጥ ማንም ደፍሮ የማይለውን ያን ቀን ሁሉም ይለዋል። አያቴ ቂሌን ሲጫወቱ አላየኋቸውም፤ ሲሳደቡ ግን በደንብ አይቻለሁ።

የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ለገና ጨዋታ መስመርና ዳኛ ሰጥቶ ከትግል፣ ከገበጣና ከፈረስ ጉግስ ጋር በውድድር ያጫውተዋል። መልካም ነው፤ ቢያንስ የሰው ጥርስ ይተርፋል። ብቻ ዳኛ ባለበት ሜዳ አያቴ የሚቀመጡበት ካብ የለም።

ቂሌ ሰው ይፈልጋል። ሰው ደግሞ መንገድ ይፈልጋል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት በመንግሥት ኃይሎችና በታጣቂዎች መካከል በተነሣው ግጭት የምዕራብ ሸዋ መንገድ አንድ ቀን ክፍት ሌላ ቀን ዝግ ሆነ። ከአዲስ አበባ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው አምቦ ለብዙ ሰው ከዱባይ ራቀ። አንድ ገና ላይ ከእናቴ ወገን ከአዲስ አበባም ከአምቦም የመጣ አልነበረም ማለት ይቻላል። እኔ የደረስኩት በዋዜማው በጭነት መኪና ነው፤ እናቴ እስክደውልላት ድረስ ቁጭ ብላ አድራለች። ላይኞች ሲቆጠሩ ዘጠኝ ሆኑ። ከዘጠኙ ሁለቱ ዕድሜያቸው ከስድሳ በላይ ነው።

ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው መከሩ። ዘንድሮ ይቅር የሚል ነበር። ታችኞች ሰው እናበድራችሁ አሉ፤ ኤሱማ እንደ ስድብ ቆጠረው። “ብድር እህል ነው እንጂ ሰው ነው እንዴ?” በዚህ መሐል የኤሱማ ሴት ልጅ፣ ያኔ አስረኛ ክፍል የነበረች፣ ከምድጃው በላይ የተሰቀለችውን ዱላ አውርዳ ይዛ መጣች። ከኋላዋ አራት ሴቶች ልጆች ነበሩ። ሁሉም ከብት ጠባቂዎች ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ ከወንድሞቻቸው ጋር ሜዳ ላይ ቂሌ ሲመቱ የሚውሉ፣ ገና ሲመጣ ግን ወጥ ቤት የሚገቡ። ዝም ተባለ። ያ ዝምታ ረዘመ። ቄሱ ምን ይላሉ ብሎ ሁሉም ዞሮ ሲያያቸው ቄሱ ወደ ፀሐይዋ ቀና አሉና “እየመሸ ነው” አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ላይኞች ተሸነፉ። የማያሻማ ሽንፈት ነበር። ኤሱማ ግን ለሳምንት ያነከሰው በታችኞች ዱላ ሳይሆን በገዛ ልጁ ዱላ ነው፤ ሩሯን ስትስት ቁርጭምጭሚቱን አገኘችው። ያገኘው ሰው ሁሉ “ምን ሆንክ?” ሲለው ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይተርክለታል። ማንከሱን ከሚገባው በላይ ሳያራዝመው አልቀረም።

ጎማ ጠጋኙን ወንጪ የወሰድኩት በ2017ቱ ገና ነው። አንድ ሰዓት ያህል ዱላውን ተመርኩዞ ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና “ይሄ ራግቢ ነው” አለኝ። ዱላስ? “ዱላ የተጨመረበት ራግቢ።” ከዚያ ኮቱን አውልቆ ገባ። ለየትኛው ወገን እንደሚጫወት እንኳን አልጠየቀም፤ ሁለቱም ወገን መታው። ማታ ጠላ ቤት አያቴ ስለ እሱ ግጥም ሲያወጡለት (ከባሕር ማዶ መጥቶ ኳስ የማያይ ዕውር የሚል ይዘት አለው፤ ሙሉውን ብጽፈው ይቀየመኛል) ያን የፓሪስ ሌሊት ዓይነት ፊት አየሁበት። አሁን ግን ብቻውን አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ከተማው ልመለስ። የፈረንጆቹ ገና በእኛ ታኅሣሥ 16 ላይ ይውላል፣ በማግስቱ ታኅሣሥ 17 እንግሊዞች ኳስ ሜዳ ይሞላሉ። እኛ በዚያ ሰዓት ጾም ላይ ነን፤ ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ጀምሮ ገና ድረስ ነው። ስለዚህ አምቦ ላይ የሰው በዓል በሽሮ እናከብራለን። ጴንጤዎቹ ጥብስ ያዛሉ፣ እኛ ሽታውን እንካፈላለን፣ ሙስሊሙ የሊቨርፑል ደጋፊ በሁለታችንም ይስቃል። በ2018 ዓ.ም. ግን ታኅሣሥ 17 ቀን የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታ አንድ ብቻ ሆነ፤ የአውሮፓ ውድድሮች በዝተው ካሌንደሩ ተጣቧል ተባለ። ማንቸስተር ዩናይትድ ኒውካስልን 1 ለ 0 ያሸነፈበት ነው። የአርሰናል ደጋፊዎች “በዓላችንን ወሰዱብን” ብለው አማረሩ። በዓላችን አሉ እኮ!

ያን ማታ ከጨዋታው ይልቅ የተወራው ስለ ቅርጫ ነው። ቤቱ ለገና በሬ ያርዳል፤ በሬው ለአሥራ ስድስት ይከፈላል፣ ዝርዝሩን የምትይዘው ገንዘብ ተቀባይዋ ናት። ቅርጫው ላይ አርሰናል፣ ማንቼ የለም። ሥጋው እኩል ተመድቦ ሲያበቃ እያንዳንዱ የራሱን ምልክት ይሰጣል፤ አዝራር፣ የክብሪት እንጨት፣ የቡና ፍሬ፣ አንዱ የቁልፍ መያዣ። የማን ምን እንደሆነ ያላየ ሕፃን ይጠራና ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ዕጣ የወጣለትን ማጉረምረም ነውር ነው። የአርሰናል ደጋፊዎች ግን ያጉረመርማሉ፣ ልማድ ሆኖባቸው።

የበሬው ዋጋ ሲነገር ሁሉም ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ዝም አለ። ገንዘብ ተቀባይዋ ስም ስትጠራ የቼልሲው ሰውዬ የለም። ያን ጊዜ ነው ሁላችንም ያስታወስነው፤ ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ አልመጣም። ታሞ ይሆን? አልታመመም፣ በሩ ላይ ታይቷል። ሥራ ፈትቶ እንደሆነ ከጎረቤቱ አንዱ ሰምቷል። ለኳሱ የሚከፈለው ኢምንት ነው፤ እሱን ያስቀረው ኳሱ አይደለም። ቤቱ ከገባ ስለ ቅርጫ ይጠየቃል፣ ቅርጫ ከተጠየቀ “ዘንድሮስ ይለፈኝ” ማለት አለበት፣ ይህን ደግሞ አሥራ አምስት ሰው ፊት መናገር ሰባት ለዜሮ ከመሸነፍ ይከብዳል። አንዱ “እናዋጣለት” አለ። የመንግሥት ሠራተኛው ራሱን ነቀነቀ፤ “አይቀበልም። አባቱንም አውቃቸዋለሁ።”

ጎማ ጠጋኙ ነው መላ ያመጣው። በማግስቱ ጠዋት ሄዶ ቤቱን አንኳኳ። እኔ ላጤ ነኝ፣ አንድ መደብ ሥጋ ለብቻዬ ይበዛብኛል፣ ፍሪጅ የለኝም፣ ባለፈው ዓመት ግማሹ ተበላሽቶብኛል፣ አንተ ካልተጋራኸኝ ስሜን ላስወጣ ነው፣ እኔ ከወጣሁ ደግሞ ዋጋው በሌሎቹ ላይ ይጨምራል አለው። ግማሹ ውሸት ነው፤ ባለፈው ዓመት ሥጋው አልተበላሸም፣ ሦስት ቀን ሙሉ እኔ ነኝ የበላሁለት። የቼልሲው ሰውዬም ሞኝ አይደለም። ብዙ ጊዜ ዝም አለና “ማነው የሚገፈው?” ብሎ ጠየቀ። የሚገፍ ሰው በገንዘብ ልንቀጥር ነበር። “እኔ እገፋለሁ። ቢላዋ አለኝ። የእጄን ዋጋ ከግማሽ መደቡ ላይ ታስቡልኛላችሁ።” እንዲህ ተዋዋሉ።

ቆዳው አንድ ቦታ እንኳን አልተበሳም። ባለ ቆዳው ነጋዴ አገላብጦ አይቶ የት እንደተማረ ጠየቀው። ሥጋው ሲመደብ የሚቆጣጠረው እሱ ሆነ፤ ጉበቱን፣ ሽንጡን፣ ታፋውን በዓይን ሲያካክል ሚዛን ያስንቃል። ዕጣው ሲወጣ የእነ ጎማ ጠጋኝ ምልክት (የጎማ ቫልቭ ክዳን ነው) ደህና መደብ ላይ አረፈች። “ዳኛው ተገዝቷል!” ብሎ ጮኸ አንድ የአርሰናል ሰው። የቼልሲው ሰውዬ ከኅዳር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መልሶ ተሳደበ፣ ያውም በደንብ።

ሥጋችንን አስረክበን ከሰዓት ወንጪ ወጣን፤ ጎማ ጠጋኙና እኔ። መንገዱ ክፍት ነበር። ሜዳው ግን ጠቧል። ከላይኞች በኩል ያለው ዳር ለአንድ ቤት ልጆች ተከፋፍሎ ድንች ተዘርቶበታል፣ ከታች በኩል ባሕር ዛፍ ተተክሏል። ኤሱማን ብጠይቀው አልተበሳጨም። “መሬት የሌለው ልጅ ቂሌ ይበላል እንዴ?” አለኝ። አንድ ነገር ብቻ ነው ያሳሰበው፤ ባሕር ዛፉ ሲያድግ የታችኞች ወንዝ ከላይ ስለማይታይ ሩሯ ገባች አልገባችም የሚለው ክርክር ማለቂያ አይኖረውም።

ጎማ ጠጋኙ ከቦርሳው አንድ ነገር አወጣ። ከአሮጌ ካላማዳሪ በስስ በስሱ ቆርጦ፣ ጠቅልሎ፣ በማስቲሽ ያጣበቃት ሩር ናት። ቆዳ ሲረጥብ ይላላል፣ ይቺ ግን አትላላም አለ። ሽማግሌው ሩር ሠሪ በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ አያት፣ አሸተታት፣ አፍንጫውን አጣመመ። ኤሱማ ተቀብሎ መሬት ላይ አስቀመጣትና በዚያች ጢስ በጠጣች ዱላ አንድ ጊዜ መታት።

ሩሯ ነጥራ፣ ካቡን ዘላ፣ ድንቹን አልፋ፣ የሰው ጓሮ ገባች። ሁሉም ቆሞ ያያታል። ሽማግሌው ሩር ሠሪ ነበር መጀመሪያ የተናገረው።

“ይቺማ” አለ “ወደ ላይኞች ታደላለች።”